ሱባኤና መርዶ

ግንቦት 13፣ ሐሙስ። ጠዋት 1 ሰ.

ሙቀት 36.4። እንደ ትናንቱ። ዘኒ ቁርስ ደረጃው ላይ አስቀምጣ፣ በሩን መትታ ወርዳለች። ሻዩ ቀዝቅዟል። ዳቦውን በፌስታል ስለሸፈነችው አልቦታል። ስንት ጊዜ ተናገርኩ።

ከዚህ ክፍል ካልወጣሁ ሰነበትኩ። ሚዛን ሊያስተካክል ሱቄ የመጣ የቡና ነጋዴ በሽታው ተገኘበት። የጤና ጣቢያ ሰዎች ስሜን መዝግበው «ራስህን ለይ» አሉኝ። ተለየሁ። አባቴ ከፎቁ ላይ በእንጨት የሠራው ክፍል ውስጥ ነኝ። ታች እማዬና ታናሽ እኅቴ ዘነበች፣ ዘኒ የምንላት፣ አሉ። ሱቁ ተዘግቷል። ፊዚክስ ተምሬ ሚዛን ሻጭ ሆንኩ፤ አሁን ደግሞ ሚዛን የሌለው ሚዛን ሻጭ።

ግርማ ሰኞ ሞተ።

እስካሁን አልጻፍኩልህም ነበር፣ ደብተሬ። እነሆ ጻፍኩት። ታላቅ ወንድሜ። ድሬዳዋ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ስኳሩ ኩላሊቱን ጨርሶት። ያኑ ቀን ጥቂት ሰዎች ተራርቀው ቆመው ቀበሩት። ሚስቱ ሙሉነሽ በስልክ ነገረችን። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ሰማሁ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ስልኩን ዘጋሁና ግድግዳው ላይ አፈጠጥኩ።

እማዬ አልሰማችም። የዘኒና የአጎቶቻችን ውሳኔ ነው። መርዶ የሚነገረው በንጋት ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ይዟት፣ የሚያለቅስ አብሯት እያለቀሰ። አሁን መሰብሰብ ተከልክሏል። የእድሩ ድንኳን ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ስለዚህ ይቆይ። እስከ መቼ? በሽታው እስኪያልፍ። በሽታው መቼ ያልፋል? ዘኒ ይህን ጥያቄ አትወደውም።

ነገ ሱባኤ እገባለሁ። መሳቅ ካማረህ ሳቅ፣ ደብተር። የቡድሂስቶች ሱባኤ፣ በኢንተርኔት። ዶ/ሩ «ንዴትህን ካላበረድክ መድኃኒቱ ብቻውን ግፊትህን አያወርደውም» ካለኝ ቆይቷል። ድሮ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ጥገና ሊያስተምረን መጥቶ የነበረው ስሪላንካዊ መሐንዲስ አድራሻውን ላከልኝ። ክፍያ የለውም። ደንቡ ይህ ነው፦ ንግግር የለም፣ ንባብ የለም፣ ጽሑፍ የለም። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ አንተ ራስህ ጥፋት ነህ።

ግንቦት 14፣ ዓርብ። ከሰዓት

ተዋረድኩ። ፕሮግራሙ መጀመሪያው 6 ሰዓት ነው ይላል፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት። እኔም ተላጨሁ፣ ክፍሉን ጠረግሁ፣ ረፋዱን ሙሉ ተዘጋጅቼ ልክ በስድስት ሰዓት ቀትር ላይ ከፈትኩት። ለካ የእነሱ ስድስት የእኛ ንጋት አሥራ ሁለት ኖሯል። መክፈቻው አምልጦኛል። እነሱ ምሳ በልተው እያረፉ ነው። በግራም የምጨቃጨቅ ሰው! ደንበኛ እንዲህ ቢሳሳት ከሱቅ ነበር የማስወጣው።

ለዘገየን ሰዎች ቃል ኪዳኑ ተደገመልን። አለመግደል፣ አለመስረቅ፣ አለመሴሰን፣ አለመዋሸት፣ አለመስከር። መነኩሴው ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ፋኑ ይጮኻል። አንድ በአንድ ሲሉ እኛ እንደግማለን። ስክሪኑ በትንንሽ ሰዎች ተሞልቷል። በአንዷ ሴትዮ ጭን ላይ ድመት ተኝቷል። አንድ ሰውዬ ካሜራውን ወደ ጣሪያው አዙሮ ረስቶታል። ዝምታ ነውና የሚነግረው የለም።

«አልዋሽም» አልኩ። በእንግሊዝኛ። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ እንጃ።

10 ሰ. ላይ እማዬ ከደረጃው ሥር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ጠራችኝ። ዘወትር እዚያ ነው የምትቀመጠው፤ ብቻዬን እንዳልሆን። ግርማ ላንተም አልደወለም ወይ አለች። አልደወለም አልኩ። እውነት ነው። እውነት ሆኖ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

ዓይንን ጨፍኖ ትንፋሽን መጠበቅ። ሌላ ሥራ የለም። ጉልበቴ ይጮኻል። ሐሳብ ሲመጣ በየቋንቋችን ስም ስጡት፣ ከዚያ ልቀቁት ይላሉ መነኩሴው። ስም ሰጠሁ። ንዴት። ንዴት። ንዴት። ጠዋቱን በሙሉ ሌላ ስም አላስፈለገኝም። ዘኒ ላይ፣ አጎቶቼ ላይ፣ መንገዱን የዘጉት ላይ፣ ስኳሩን እያወቀ ሻዩን እንደ ማር በሚያጣፍጠው በግርማ ላይ። በሟች መናደድ ይቻላል ወይ? ይቻላል።

በእረፍት ሰዓት መስኮቱን ከፈትኩ። ከበርበሬ በረንዳ በኩል ነፋስ መጣ። ድሮ እዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፣ «ይማርህ» ይባላል፣ ይታለፋል። ዛሬ አንዱ አስነጠሰና መንገዱ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ተሸካሚው ኬሻውን ጥሎ ሮጠ። ሰውዬው መሐል መንገድ ብቻውን ቀርቶ «በርበሬ ነው! በርበሬ ነው፣ ወገን!» ይላል፤ ደግሞ ያስነጥሳል። ሳቅሁ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ። ወዲያው አፈርኩ።

እማዬ ዜማውን ሰምታዋለች። ከሰዓት መነኮሳቱ በሕብረት ሲያዜሙ ድምፁን ሳልቀንስ ቀርቼ ነው። ቄሶች ናቸው ወይ አለች። መነኮሳት ናቸው አልኩ። ከየት ገዳም? ከስሪላንካ፣ ከህንድ አጠገብ። ደስ አላት። ህንድ አገርም ኦርቶዶክስ አለ፣ ያ ሒሳብ ያስተማራችሁ ህንዳዊ መምህር ሚካኤል ይሳለም አልነበር አለች። እሱ ሌላ ነው፣ እነዚህ ግን... ብዬ ጀመርኩ። «ተወው፣ ጸልይ» አለች። ማታ ለዘኒ «ወንድምሽ ሱባኤ ገብቷል» ስትል ሰማኋት። ኮርታ።

ሌላ ውሸት። ይህን እንኳ እኔ አልተናገርኩትም።

ግንቦት 16፣ እሑድ

ዒድ። የሰፈሩ ዒድ እንዲህ ሞቶ አላየሁም። ጎረቤታችን ሐጂ ሸምሱ፣ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡት፣ የሰፈሩ እድር ዳኛም ናቸው፣ በአጥሩ በኩል ምግብ ለዘኒ አቀብለው ቀና ብለው ጠሩኝ። ማስካቸው አገጫቸው ላይ።

«ብሬ! መነኮስክ አሉ?»

«ሐጂ፣ ዝምታ ላይ ነኝ።»

«በኢንተርኔት የሚመነኩስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ቆቡን በፖስታ ነው የሚልኩልህ?»

ፈገግ ሳልል አልቀረሁም። ከዚያ እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዓይናቸው ወደ እማዬ በር እንደሆነ፣ «ለሟቹ አላህ ይዘንለት» አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል ማለት ነው። ዳቦ ቤቱ ያውቃል። ሱቅ ጠባቂው ያውቃል። ከእሷ በስተቀር።

ግርማ በየእሑዱ ነበር የሚደውለው። ከቅዳሴ መልስ፣ ሳያዛንፍ። ባለፈው እሑድ እንኳ ከሆስፒታል ደውሎ «ቤት ነኝ» ብሏታል። እሱም ዋሽቶ ነው የሞተው። እማዬ ከጠዋት ጀምራ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። ያ ቁልፍ ያለው ትንሹ ስልክ ነው፤ መንካት አትፈራውም። ዘኒ «የድሬ ኔትዎርክ ተበላሽቷል አሉ» አለቻት። እማዬ፣ ለምን ታዲያ የጎረቤታችን የማርታ ልጅ ከድሬ ለእናቷ ደወለች አለች። ዘኒ የሆነ ነገር መለሰች። እማዬ ስልኩን አላስቀመጠችም።

ማታ ምግብ ቀረበላት። ከላይ ሆኜ የሳህኑን ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም።

ግንቦት 17፣ ሰኞ

ዘኒ በማለዳ ደረጃው ሥር ቆማ፣ በሹክሹክታ። እማዬ ትናንት አልበላችም። የግፊት መድኃኒቷንም ገፋችው። የግርማን ድምፅ ሳልሰማ እህል በአፌ አይዞርም ብላለች። ይህች ሴት በባዶ ዝታ አታውቅም፤ ያለችውን ታደርጋለች።

«ጋሼ፣ ድምፃችሁ እኮ አንድ ነው።»

አልገባኝም አልኩ። ገብቶኝ ነበር።

«አባባ ራሱ በስልክ ይሳሳት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። ‹ደህና ነኝ› በላት፣ በቃ።»

ጮኽኩ። ካለፈው ሰኞ ወዲህ ያልጮኽኩትን ሁሉ ጮኽኩ፣ በሹክሹክታ፤ እንዲህ መጮኽ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ከመጀመሪያው ንገሯት አላልኩም ወይ? የሞተ ሰው አድርጋችሁ ልትቀጥሩኝ ነው? እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል። እሷም ለወንድሟ በወጉ አላለቀሰችም፤ እማዬ እንዳታይባት መጸዳጃ ቤት እየገባች ነው የምታለቅሰው።

«ጨረስክ? እንግዲያው ና ውረድና አብላት።»

መውረድ እንደማልችል ታውቃለች።

ከሰዓት ከመነኩሴው ጋር በግል መነጋገሪያ ተራዬ ነበር። ደቂቃዎች ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው በር ላይ እንደ ቆመ ያህል ስሙ በጥግ ይታያል። ስለ ጉልበትህ ንገረኝ አሉ። ጉልበቴን ተውትና ይህን ስሙኝ ብዬ ነገሩን ዘረገፍኩት። ያረጀች እናትን ለማዳን መዋሸት ቃል ኪዳኑን ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም? አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።

በእናንተ አገር ሞት እንዴት ነው የሚነገረው ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። ንጋት። ሰዎች ድምፃቸውን አጥፍተው ይገባሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይይዟታል። ማንም ብቻውን ሆኖ አይሰማም።

መስመሩ ተቋረጠ መሰለኝ። ፋኑ ግን ይዞራል። ከዚያ የአባታቸውን ሞት ባቡር ጣቢያ ቆመው ሳለ በስልክ መልእክት እንዳነበቡ ነገሩኝ። ሰልፉ ላይ ነበሩ። ተራቸው ደረሰ። ቲኬት ገዙ። ቲኬት ሻጩ መልካም ጉዞ አላቸው፣ እሳቸውም አመሰገኑት። እስከ ዛሬ የማይረሱት ያንን ማመስገናቸውን ነው።

ደወሉ ጮኸ። የሌላ ሰው ተራ።

መልስ አልሰጡኝም። በነፃ ነው፣ ምን ይደረግ።

ግንቦት 18፣ ማክሰኞ

አደረግኩት።

እማዬ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ዞሮባት ግድግዳ ይዛ ቆመች። ዘኒ ነገረችኝ። ሐኪም ቤት መውሰድ በዚህ ሰሞን ራሱ ሞት ነው። እሺ አልኩ።

መስኮቱን ዘጋሁ። ድምፄ በጣውላው ሾልኮ ታች እንዳይሰማ ፍራሹ ላይ በግንባሬ ተደፍቼ ብርድ ልብስ ተከናነብኩ። ይህን የሚያደርገው ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ በንግድ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው ብሎ የሚናገር ሰው። ወደ ዘኒ ስልክ ደወልኩ። ግርማ ነው፣ በሌላ ቁጥር ነው ብላ ሰጠቻት።

እኔ «እማዬ» ነው የምላት። እሱ «እናትዬ»። ድሬ ከገባ ወዲህ ደግሞ ያለ «አቦ» አንድ አረፍተ ነገር አይጨርስም ነበር። ስንት ጊዜ ገሥጬዋለሁ፣ ሽማግሌ አይደለህም ወይ እያልኩ።

«እናትዬ! አቦ እንዴት ነሽ?»

«ግርምዬ! አንተ ልጅ! ሞተብኝ ብዬ እኮ ነው!»

«ኔትዎርክ ነው አቦ።»

«ስኳርህስ?»

«አሁን አያመኝም።»

ይህ እንኳ ውሸት አይደለም አልኩ በልቤ። በእንዲህ ዓይነት ሒሳብ የሚሠራ ነጋዴ ሱቄ ቢመጣ አባርረዋለሁ።

ልዘጋ ስል ያዘችኝ። ብሬን ደውልለት አለች። እኔን። ተቆጪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ ሚስቱም የሄደችው ክፋቱን አይታ ሳይሆን ጩኸቱ ሰልችቷት ነው፤ ላይ ቤት ብቻውን ተቀምጧል፤ ካንተ ሌላ የሚሰማው ሰው የለም። እሺ አልኩ። ደግሞ ቀጠለች። እኔ ስሞት አንተ ና። በሽታም ቢሆን፣ መንገድም ቢዘጋ ና። ብሬ አይሆንም፤ እሱ የሳጥኑ ቁመት ልክ አይደለም ብሎ ከቄሶቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ይመሽብኛል። ዓይኔን የምትከድነው አንተ ነህ። ቃልህን ስጠኝ።

«እሺ እናትዬ።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን።»

ብርድ ልብሱ ውስጥ ትንፋሽ አጠረኝ። ስወጣ ፊቴ ረጥቦ ነበር፤ ላብ ነው።

የተናደድኩበት ሌላ ነገር ነው። አላወቀችኝም። የወለደችኝ ሴት ናት፣ በየቀኑ ከዚህ ደረጃ ሥር ድምፄን ትሰማለች። አንድ «አቦ» ጨመርኩ፣ ጠፋሁባት። እንዳታውቀኝ ስጸልይ ነበር። ባለማወቋ ግን... ስም አጣሁለት። ንዴት አይደለም።

ከታች የሳህን ድምፅ መጣ። በላች።

ግንቦት 19፣ ረቡዕ

በልታለች፣ መድኃኒቷን ወስዳለች፣ ከዘኒ ጋር ትቀልዳለች። ምስሩን ከደረጃው ሥር እየለቀመች ግርማ ያላትን ሁሉ ነገረችኝ። ያላላትንም ጭምር። ለመስቀል እመጣለሁ ብሏል። ሐላዋ ያመጣል። «ብሬ አሁንም እንደ ድሮው ይቆጣል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ አለች፣ ሳቀች። አላለም። እኔ ነበርኩ፣ አላልኩም። እሷ ግን ሰምታዋለች። እንዴት ላርማት? ሰው ሲሳሳት ዝም ማለት በሕይወቴ አልሆነልኝም፤ ዛሬ ሆነልኝ።

ሱባኤው ላይ ዛሬ ለሚወዱት ሰው ደህንነትን መመኘት ነበር። ሰላም ሁን፣ ከሥቃይ ራቅ። ግርማን አሰብኩ። ለሞተ ሰው ይሠራል ወይ ብዬ መጠየቅ አይፈቀድም። ቀጥሎ ለማይመቻችሁ ሰው ተመኙ አሉ። ዘኒን ይዤ ጀመርኩ። ከ«ሰላም ሁኚ» አላለፍኩም። ደግሞስ የቱ ሰላሟ?

ማታ ሐጂ ሸምሱ በአጥሩ በኩል። እማዬ ስትስቅ ሰምተዋል። ቀልዳቸውን ትተዋል።

«ብሬ፣ ትስቃለች።»

«አዎ።»

«ልጇ አፈር ለብሶ እሷ ትበላለች፣ ትስቃለች። እርሟን እኮ እያበላችኋት ነው።»

ሰው ተከልክሏል፣ ዘኒ እንዲህ አለች፣ አጎቶቼ እንዲያ አሉ አልኩ። ሰበቡን ሁሉ ደረደርኩ። እሳቸው እጃቸውን አወራጩ። በእኛም በእናንተም ይህ ነውር ነው ብለው ገቡ። ማርዳት ከነገሮች ሁሉ ክፉው ነው፤ እርም ማብላት ግን ከእሱም ይከፋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም። እኔም አውቅ ነበር። የማውቀውን ነገር ሌላ ሰው ሲነግረኝ ነው የምናደደው።

ግንቦት 21፣ ዓርብ። 11 ሰ.

ትናንት ምንም አልጻፍኩም። ደንቡን አክብሬ አይደለም።

ዛሬ ማርያም ናት። እማዬ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስላልቻለች ጎህ ሲቀድ በግቢው ወደ ምሥራቅ ዞራ ስትሰግድ አየኋት። ለግርማ ነበር የምትጸልየው። ለጤናው። ስሙን ከነክርስትና ስሙ ትጠራለች፣ «ጠብቂልኝ» ትላለች።

ከዚያ ራሷ ደወለችለት። ከስልኳ ላይ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ተጭና መያዝ ነው፤ ግርማ ራሱ ነው ያስተካከለላት። ዘኒ ገበያ ነበረች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን እጠብቃለሁ። ማንም አላስጣላትም።

ሙሉነሽ ከሰዓት ለእኔ ደወለች። የግርማን ስልክ አልዘጋችውም፤ የሚያጽናና ሰው የሚደውለው በእሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጮኸ። ሲያዩት «እናትዬ» ይላል። እስኪያቆም አየችው። ደግሞ ጮኸ። ልጆቹም አዩት። ማንም አላነሳም። ሦስተኛ ሲጮኽ ትንሿ ልጅ አባባን ነው የምትፈልገው፣ ንገሯት እንጂ ብላ አለቀሰች።

ሙሉነሽ አልተቆጣችም። ቢቆጣ የሚሻል ሰው አለ። እንዲህ ብቻ አለችኝ፦ «ጋሼ ብርሃኑ፣ እኔ እዚህ ከል ለብሼ ተቀምጫለሁ፤ እናቱ ግን አላለቀሱለትም። እናቱ ያላለቀሱለት ሰው ምን ዓይነት ሟች ነው?»

ዘኒ ስትመጣ እማዬ «ግርማ ዛሬ ስልኩን አያነሳም፣ ደግሞ ምን ነካው» ስትላት ሰማሁ። ዘኒ ቀና ብላ ወደ መስኮቴ አየች። ዓይኗ ምን እንደሚል ገባኝ። እንደገና። ብርድ ልብሱን፣ «አቦ»ን፣ ማርያምን።

አይሆንም አልኳት። በጣት ምልክት። አይሆንም።

ግንቦት 22፣ ቅዳሜ

ጠዋት የጤና ጣቢያዋ ልጅ ደወለች። ምልክት የለህም፣ ጊዜህንም ጨርሰሃል፣ ነገ መውጣት ትችላለህ አለች። ይህን ያህል ጊዜ ጠብቄው ምንም አልተሰማኝም።

ዘኒን ጠርቼ ነገ እናርዳት አልኳት። ንዴት መጣባት። ነገ? ማን ይመጣል? ማን ይይዛታል? ድንኳን የለ፣ የሚያስለቅስ የለ፣ እንደ ውሻ ሞት ልትነግራት ነው? ልቧ ቀጥ ቢልስ? በአንተ እጅ ይሁን! ሁሉንም እውነት ተናገረች። ሁሉንም ሰማሁ። አንድም ጊዜ አላረምኳት፤ ሱባኤው ጠቀመኝ ማለት ከሆነ ጥቅሙ ይህ ነው።

ከዚያ፣ ድምፁን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ የምወስድባትም እኔ ነኝ አልኳት። ሌላ ሰው ቢነግራት «ማክሰኞ አናግሮኛል» ነው የምትለው። ያኔ ምን ልትመልሱላት ነው?

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ግርማ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች፤ እማዬ ከጓሮ ነበረች። ሻሿን አፏ ውስጥ ጎርሳ። ከላይኛው እርከን ሆኜ አየኋት። ልነካት አልቻልኩም። ነገ ግን እችላለሁ።

ሐጂን በአጥሩ በኩል ጠራኋቸው። ገና አፌን ስከፍት «መቼ?» አሉ። ነገ ንጋት። ክልከላው አለ አልኩ።

«ክልከላው ድንኳኑን ነው የዘጋው፤ እግራችንን አይደለም። ጥቂት እንሆናለን፣ ማስክ እናደርጋለን፣ ተራርቀን እንቆማለን። አንተ እስክጠራህ ከላይ ጠብቅ። መጀመሪያ ሰው ይግባና ግቢውን ይያዝ። ነጋሪው ኋላ ነው የሚመጣው።»

ሥርዓቱን ለእኔ! ልናገር ብዬ ተውኩት። ያውቁታል። ስንቱን አርድተዋል።

ነገ የሱባኤው መዝጊያ ነው። እኔ አልኖርም። ለመነኩሴው ደብዳቤ መጻፍ አሰብኩ፣ ተውኩት። ቃል ኪዳኑን አፍርሻለሁ፤ ምንም የሚጻፍ የለውም። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ጠረጴዛ ሥር አስገባሁት።

የምላትን ስለማመድ ዋልኩ። «እማዬ፣ ግርማ አርፏል።» አይደለም፤ ረጅም ነው። «እማዬ፣ ግርማ።» ሌላውን ራሷ ትጨርሰዋለች።

ግንቦት 23፣ እሑድ። ንጋት

ለብሼ ተቀምጫለሁ። ጥቁር ኮት። መስኮቱ በትንሹ ገርበብ ብሏል።

ገብተዋል። ሐጂ ከፊት። ባለ ዳቦ ቤቱ፣ የማርታ ባልና ማርታ፣ ከገበያው ዱባይ ተራ የግርማ የድሮ ጓደኛ፤ እሱን ማን ነገረው? ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሁሉም ማስክ አድርገው፣ ተራርቀው፣ ግቢውን ሞልተው ቆሙ። ጥቂት ሰው እንዲህ ብዙ ሲመስል አላየሁም። ማንም አይናገርም። ዘኒ ከበሩ አጠገብ ናት። ሐጂ ገና አልጠሩኝም።

የእማዬ መስኮት ተከፈተ። ቀድማን ነቅታለች።

እያየቻቸው ነው። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አኳኋን ሰው ለምን እንደሚቆም ለእሷ የሚያስረዳ አያስፈልግም። ሐጂ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመዱ። ማን እንደሞተ ትጠይቃቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

አልጠየቀችም። ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። ወደ ደረጃው። ወደ እኔ በር።

ጌታ ሆይ። የሞትኩት እኔ መስሏት ነው። በሽታ አለበት የተባልኩት እኔ፣ የተለየሁት እኔ፣ ብቻዬን ያለሁት እኔ።

«ብሬ! ወይኔ ብሬ! ልጄን!»

ደረቷን ትመታለች። ዘኒ ይዛታለች፣ «አይደለም እማዬ፣ እሱ አይደለም» ትላለች። እሱ አይደለም ካለች በኋላ ማን እንደሆነ ልትነግራት አልቻለችም። ሐጂ ወደ እኔ እያዩ በእጃቸው ይጠሩኛል፣ ና፣ ቶሎ ና። እሷ ስሜን እየደጋገመች ነው። ሕፃን ሳለሁ ትጠራኝ እንደነበረው። እንዲህ እንደምታለቅስልኝ አላውቅም ነበር።

አሁን በሩን እከፍታለሁ። ታየኛለች። ደስ ይላታል። ደረጃውን ወርጄ እስክጨርስ ድረስ ደስ ይላታል። ከዚያ